«ሰማህ?» ሲለኝ ሳልመልስለት ሞተ

አንድ አንባቢ የላከልኝ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ተኩል ነው። ጸሐፊው እንዳሳጥረው ስለፈቀደልኝ ዋናውን ብቻ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

«ውድ እህቴ፣ ዕድሜዬ 46 ነው። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛ ነበረኝ። እኔና እሱ ለሌላ ሰው ግራ የሚመስል ልማድ ነበረን። አንድ ታዋቂ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሰማው ለሌላው 'ሰማህ?' ብሎ ይልካል። የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል ደግሞ የዓመቱን ሟቾች በቀን ቅደም ተከተል በደብተር እንጽፋለን። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን መጻፍ አይቻልም። ሹመት፣ ሽልማት፣ ሀብት አይገባም። 19 ዓመት አላቋረጥንም።

ዘንድሮ፣ በ2025፣ ገና ዓመቱ ሳያልቅ መስመሮቹን እየላከልኝ ነበር። ለቦክሰኛው ጆርጅ ፎርማን፦ 'አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ጆርጅ አላቸው፤ አንዱን ሲጠራ አምስቱም ይመጣሉ።' ለፖፕ ፍራንሲስ፦ 'መቃብራቸው ላይ ስማቸው ብቻ ተጻፈ፤ ያውም በላቲን።' ለኬንያዊው ደራሲ ለንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፦ 'እስር ቤት ወረቀት ቢያጣ ልብወለዱን በሽንት ቤት ወረቀት ጻፈው።' ለሊቨርፑሉ እግር ኳስ ተጫዋች ለዲዮጎ ጆታ ግን ምንም አልጻፈም። '28 ዓመት! ይሄን አልችልም' ብሎ ተወው።

ኦክቶበር 1 ማታ 'ሰማህ? ጄን ጉዳል' ብሎ ላከልኝ፤ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ። ሥራ ላይ ነበርኩ። አየሁት፣ በኋላ እመልሳለሁ አልኩ፣ ረሳሁት። ከስምንት ቀን በኋላ ሞተ። ልቡ ነው አሉን።

ቀብሩ ላይ አንዲት ጠብታ አላወጣሁም። ወንበር ሳመቻች፣ ሰው ስቀበል፣ ስልክ ስመልስ ዋልኩ። ከወር በኋላ ግን የሊቨርፑልን ጨዋታ እያየሁ፣ በ20ኛው ደቂቃ ተመልካቹ የጆታን ዘፈን ሲጀምር ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ልጆቼ ደነገጡ። ላላገኘሁት ተጫዋች እንደዚያ እያለቀስኩ ለ33 ዓመት ጓደኛዬ ዓይኔ የደረቀው ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው? አምስት የሐዘን ደረጃዎች አሉ ይባላል። የትኛው ላይ ነው ያለሁት?

ዝርዝሩን ዘንድሮ ብቻዬን ልጽፍ ስቀመጥ የእሱን ስም መጨመር አማረኝ። ባለቤቴ 'ሞቱን ጨዋታ አታድርገው' አለችኝ። አንድ ሌሊት ደግሞ ወደ ስልኩ 'ሰማሁ' ብዬ ልልክ ጽፌ አጠፋሁት። የሱ ባለቤት በበኩሏ ስለ አባታቸው ለልጆቹ እንድጽፍላቸው ለምናኛለች። ልጆቹ 14 እና 9 ዓመታቸው ነው። ደግ ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር፣ ለሰው አዛኝ ነበር። ከዚህ ማለፍ አልቻልኩም። ምን ትመክሪኛለሽ?

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረስቼ። ሳቅ ሲመጣበት መጀመሪያ መነጽሩን ያወልቅ ነበር። ያወልቀዋል፣ ያጥፈዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ነው የሚስቀው።»

ወንድሜ፣

መልሱን «እርስዎ» ብዬ ጀምሬው ነበር። ሁለት መስመር እንደሄድኩ አላስኬድ አለኝ። ስለ ጓደኛ እያወራን መራራቅ የለብንም፤ በዚያ ላይ በዕድሜ እበልጥሃለሁ።

በመጀመሪያ የደረጃውን ነገር ቶሎ እንለፈው። አምስቱን ደረጃዎች በ1969 ያስተዋወቀችው ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ የምታናግረው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን ነበር። የቀሪውን ሐዘን እንደ ደረጃ መውጫ መቁጠር በኋላ የተለመደ ነገር ነው። የትም ደረጃ ላይ አይደለህም። ጓደኛህ ሞቶብሃል፤ በቃ።

አሁን ወደ ለቅሶህ። ቀብሩ ላይ ለምን እንዳላለቀስክ ራስህ ጽፈኸዋል፤ ጽፈኸው አለፍከው እንጂ። ወንበር ስታመቻች ዋልክ። ሰው ስትቀበል ዋልክ። እስቲ ንገረኝ፣ የዚያን ቀን አንተን የተቀበለህ ማን ነው? «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለህ ሰው ነበር? ሚስት አለቀሰች፣ ልጆች አለቀሱ፣ እህት ወንድም አለቀሰ። ጓደኛ ደግሞ ወንበር አመላለሰ። ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1989 ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ስም አውጥቶለታል። ሰው እንደ ሐዘን የማይቆጥረው፣ ሐዘንተኛውም በግልጽ ሊያዝን ፈቃድ ያላገኘበት ሐዘን ማለቱ ነው። ጓደኛ የሥጋ ዘመድ አይደለም። መሥሪያ ቤትህ ለወንድም ሞት ፈቃድ ይሰጥህ ይሆናል፤ «ጓደኛዬ ሞቶ ነው» ብለህ ሦስት ቀን ጠይቅና ፊታቸውን እየው።

ከዚያ ወር ቆይቶ አንድ ሙሉ ስታዲየም ለሞተ ሰው ሲዘፍን አየህ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለ ምንም ሐፍረት አብሮ ሲያዝን። ሊቨርፑል የጆታን 20 ቁጥር ከእንግዲህ ለማንም ላይሰጥ አንስቶታል፤ ለዚህ ነው በ20ኛው ደቂቃ የሚዘፈነው። አንተም ደቂቃ የተመደበለት ሐዘን አገኘህና ገባህበት። ደግሞስ ያ ተጫዋች ማን ነው? ጓደኛህ «ይሄን አልችልም» ብሎ መስመሩን ባዶ የተወለት ሰው ነው እኮ! ለጆታ ብቻ አልነበረም የምታለቅሰው። ለጆታም ቢሆን ግን ምንም ነውር የለበትም። በየሳምንቱ ቤታችን ገብተው የሚያዝናኑንን ሰዎች ልክ እንደምናውቃቸው እንደምንወዳቸው ከ1956 ጀምሮ ተጽፏል፤ ሆርተንና ዎል የሚባሉ ሁለት ምሁራን ናቸው ስለ ቴሌቪዥን ተመልካች መጀመሪያ ያሉት። እሱም አንድ ነገር ነው።

ስለ ጆታ ካነሳን አይቀር ስለ ጓደኛው ላውራህ። ለራሴም ከዘንድሮ ዜና ሁሉ ያልወጣልኝ እሱ ነው።

ሩበን ኔቬስ ይባላል። ከጆታ ጋር በፖርቶ፣ ቀጥሎ በእንግሊዙ ክለብ በዎልቭስ፣ በብሔራዊ ቡድንም አብረው ተጫውተዋል። ጆታ ጁላይ 3 ስፔን ውስጥ በመኪና አደጋ ከወንድሙ ከአንድሬ ጋር ሲሞት ኔቬስ አሜሪካ ነበር፤ ለሳዑዲው ክለብ ለአል ሂላል የክለቦች ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሊጫወት። በማግስቱ ኦርላንዶ ላይ ከጨዋታው በፊት የሕሊና ጸሎት ሲደረግ ካሜራው እሱ ላይ አረፈ። ያለቅሳል። ቢሆንም ተጫወተ። ተሸነፉ። ከዚያ ውቅያኖሱን አቋርጦ በማግስቱ ፖርቱጋል፣ ጎንዶማር ደረሰና የጓደኛውን ሬሳ ሳጥን ተሸከመ።

እዚህ ድረስ ሁሉም ያየው ነው፤ በእናንተ ሕግ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ቀጣዩ ነው የሚገባው። በሴፕቴምበር የፖርቱጋል አሠልጣኝ ጆታ በብሔራዊ ቡድኑ ይለብሰው የነበረውን 21 ቁጥር ማሊያ ለኔቬስ ሰጡት። ኦክቶበር 11 ሊዝበን ላይ ከአየርላንድ ጋር ሲጫወቱ ሮናልዶ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ነው። በ91ኛው ደቂቃ ኔቬስ በጭንቅላቱ ገጭቶ አስገባ። ለብሔራዊ ቡድኑ ያገባት የመጀመሪያ ጎሉ ነበረች፤ ጀርባው ላይ 21 ቁጥር እያለ።

ቀኑን ልብ በል፤ ኦክቶበር 11። ጓደኛህ ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው። ይህንን ያን ጊዜ አልሰማህ ይሆናል። ብትሰማም «ሰማህ?» የምትለው ሰው አልነበረህም።

ስለ ያልመለስከው መልእክት «አይቆጭህ» አልልህም። ይቆጭሃል። ከዓመታት በኋላም ስልክህን ስታገላብጥ ድንገት ይወጋሃል። ግን አንድ ነገር ላስታውስህ። ጓደኛህ ስለ ፖፕ ፍራንሲስ የመቃብር ጽሑፍ ጻፈ፤ እኔ ብሆን የስልካቸውን ነገር እጽፍ ነበር። በጋዛ ወዳለችው አንዲት የካቶሊክ ደብር ከ2023 ኦክቶበር ጀምሮ ማታ ማታ ይደውሉ ነበር። ታመው ሆስፒታል ተኝተውም ጭምር። ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እንዴት ዋላችሁ፣ ምን በላችሁ ዓይነት። ለመጨረሻ ጊዜ የደወሉት ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ማታ ነበር። ወዲያ ማዶ ስልኩን ያነሱት ሰዎች ያን ጥሪ እንደ ትናንቱ ጥሪ ነው ያነሱት። የመጨረሻው መሆኑ ማንም ላይ አይጻፍም። አንተም የዘጋኸው የመጨረሻ መልእክት አልነበረም፤ የረቡዕ ማታ መልእክት ነው። ነገ ሌላ ይመጣል ብለህ ነው ያቆየኸው። ይመጣ ነበርም።

«ሰማሁ» ብለህ ባለመላክህ ግን ጎሽ። ስልኩ አሁን በባለቤቱ እጅ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የሟች ባሏ ስልክ ሲያበራ ምን ልትሆን ነው? ቆይቶ ደግሞ መስመሩ ሲዘጋ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ አንድ የማታውቀው ልጅ «ማን ልበል?» ብሎ ቢመልስልህ ልብህ ይሰበራል። መልሱን ደብተሩ ላይ ጻፈው። የጄን ጉዳልን መስመር የአንተ ተራ አድርገው።

እንዲያውም እኔ ልሞክርልህ፤ ለልጆቹ ምን ልጻፍ ወዳልከው ጥያቄህ የሚወስደን እሱ ነው። ጉዳል 91 ዓመት ኖራ ሞተች። በ26 ዓመቷ፣ በ1960፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ ውስጥ ያለው ጎምቤ ጫካ መግባቷን፣ ቺምፓንዚ የሣር ዘንግ ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ምስጥ እያወጣ ሲበላ ማየቷን ሁሉም ያውቃል፤ አይገባም። የሚገባው ይሄ ነው፦ «እንስሳቱን ቁጥር መስጠት ሲገባት ስም ሰጠቻቸው ብለው ወቀሷት።» በዚያ ዘመን ሳይንቲስት ቁጥር ይሰጣል እንጂ ስም አያወጣም። እሷ ግን መጀመሪያ ያላመዳትን፣ አገጩ ላይ ሽበት ያለውን፣ ዴቪድ ግሬይቢርድ አለችው፤ ባለሽበት ጢሙ ዴቪድ እንደማለት ነው። አንዱን ከሌላው የምትለየው በፊቱ፣ በአመሉ፣ በሚያስቀይመው ነገር ነበር።

አሁን ሳትቀየም ስማኝ። «ደግ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሰው አዛኝ» ያልከው ቁጥር መስጠት ነው። ሦስት ገጽ ተኩል ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጆርጅ ፎርማን የማይረሳ ነገር ነገርከኝ። ስለ ንጉጊ ነገርከኝ። ስለ ጓደኛህ ግን ለማንም ሟች የሚባለውን ነገርከኝ። ሕጋችሁን ለማያውቋችሁ ሰዎች 19 ዓመት ጠበቃችሁ፤ ለሱ ሲሆን ጣስከው።

ከዚያ ፊርማህን ጨርሰህ፣ ይቅርታ ጠይቀህ፣ ግርጌው ላይ መነጽሩን ጻፍክ።

ወንድሜ፣ እኔ ሰውየውን አላውቀውም። መነጽሩን ሲያጥፍ ግን አየሁት። ጠረጴዛው ዙሪያ ያላችሁት ሰዎች እጁ ወደ መነጽሩ ሲሄድ ገና ሳይስቅ መሳቅ ትጀምሩ እንደነበር ልወራረድ እችላለሁ። ለልጆቹ የሚጻፈው ይሄ ነው። ረስቼው ነበር ያልከው።

ታዋቂ ሰውን ማስታወስ ቀላል ነው። ጋዜጦች የሕይወት ታሪኩን ሰውየው በሕይወት እያለ ጽፈው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሲሞት ቀኑን ሞልቶ ማውጣት ነው። የፎርማን ቡጢ በፊልም አለ፤ በ1974 ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ ሲዘረር፣ በ1994 ደግሞ በ45 ዓመቱ ቀበቶውን መልሶ ሲወስድ፣ የፈለገ ሰው ዛሬ ማታ ማየት ይችላል። የጓደኛህ የ15 ዓመት ልጅነት ግን የትም የለም። አንተ ጋ ነው ያለው። ባለቤቱ ያወቀችው አድጎ ነው፤ ልጆቹ ያወቁት አባት ሆኖ ነው። በ15 ዓመቱ ምን ያስፈራው ነበር? መምህር ፊት ሲዋሽ ጆሮው ይቀላ ነበር ወይስ ዓይኑን ያሻ ነበር? ስንት ጊዜ ተኳረፋችሁ፣ መጀመሪያ የሚደውለውስ ማን ነበር? ስልክ ሲያነሳ ምን ይላል? ገንዘብ ሲበደር እንዴት ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር?

ጥፋቱንም ጻፍ፤ በተለይ ጥፋቱን። የ14 ዓመቱ ልጅ አሁን አባቱ እንከን የሌለበት ሰው እንደነበር ከየአቅጣጫው እየተነገረው ነው። ሃያ ሲሞላውና የራሱን ስህተት ሲሠራ እንዲያ ካለው አባት ጋር ምን ያገናኘዋል? አባትህ እንዲህ ያለ ሞኝነት ሠርቶ ነበር፣ እኔም አብሬው ነበርኩ የሚል አንድ ገጽ ካገኘ ግን አባት አገኘ ማለት ነው። ለዘጠኝ ዓመቱ ደግሞ አጠር አጠር ያለ አድርገው። በአንድ ጊዜ አትጨርሰው። በሳምንት አንድ ነገር፣ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሰብስበህ ለእናታቸው ስጣት፤ መቼ እንደሚያነቡት እሷ ታውቃለች።

እኔም ጓደኛ ሞታብኛለች፤ 11 ዓመት ሆናት። ደረጃ ስትወጣ ድምፅ አውጥታ ትቆጥር ነበር። በየትኛውም ሕንጻ፣ ከማንም ጋር። ያንን ጽፌ ስላስቀመጥኩ አለኝ። ድምፅዋን ግን አጥቼዋለሁ። ብዙ የድምፅ መልእክት ነበረኝ፤ ስልክ ስቀይር ሳላስብበት ሄደ። አሁን ስትቆጥር አያታለሁ እንጂ አልሰማትም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ፣ ነገ ሳትል፣ የተላላካችሁትን በሙሉ ከስልክህ ውጪ ሌላ ቦታ ገልብጥ። ጽሑፉንም፣ ድምፁንም፣ ፎቶውንም። አንዳንድ የመልእክት መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት እንደሚሰርዙ አትርሳ። የሱ ባለቤትም አንተ ጋ ያሉትን የድምፅ መልእክቶች ፈልጋ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቃት። ከምትጽፍላቸው ጋር ድምፁን ለልጆቹ ብታሰማቸው እንዴት ያለ ስጦታ ነው።

ባለቤትህ ላይ አትፍረድ። እሷ ከውጪ የምታየው ሁለት ትልልቅ ሰዎች የሞተ ሰው ሲመዘግቡ ነው፤ እኔም ደብዳቤህን ስጀምር ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። ደብተሮቹን አምጣና አብራችሁ አንብቡ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ። መስመሮቹን ስታይ ማን ሲጫወት እንደነበር ይገባታል። ዝርዝሩ ግን ደብተር ላይ ይቅር፤ የትም አትለጥፈው። የሱ ስም ያለበት ገጽ የቤተሰቡም ነው።

ስሙን ጨምረው። በመጨረሻ ለብቻው፣ በጥቁር ሳጥን፣ በትልቅ ፊደል አታድርገው። በቀን ቅደም ተከተል ነው የምንጽፈው ብለሃል አይደል? ጄን ጉዳል ኦክቶበር 1። እሱ ኦክቶበር 9። ተዋናይቷ ዳያን ኪተን ኦክቶበር 11። የኬንያው ፖለቲከኛ ራይላ ኦዲንጋ ኦክቶበር 15። ቦታው ከጉዳል በታች፣ ከኪተን በላይ ነው። የሚጻፍለትን መስመር ጽፈኸዋል፤ ከደብዳቤህ ግርጌ ቀድተህ እዚያ አስገባው።

ራሱን በእነዚያ ሰዎች መሀል ተሰልፎ ቢያይ ምን እንደሚል አንተ ታውቃለህ። እኔ የምገምተው እጁ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው።